ብርሌውና ጠጁ፦ ስለ ጎማው መጽሐፍ፣ ስለ ሳሙናው ድራማና ስለ ይዘት ገበያ

በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ «ቅርጽና ይዘት» የሚለውን ጥምር ቃል ያህል ደጋግሞ የሚነሣ ጥቂት ነው። አንደኛው ወገን የድርሰት ነፍሱ የሚናገረው ቁም ነገር ነው ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ ቁም ነገሩ የተነገረበት መንገድ ነው እያለ ብዙ ተከራክሯል፤ ብዙም ጽፏል። አባቶቻችን ግን ነገሩን በአጭሩ ቋጭተውታል፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለው። ብርሌው ቅርጽ ነው፤ ጠጁ ይዘት ነው። ጠጅ ያለ ብርሌ ፈሶ ይቀራል፤ ብርሌም ያለ ጠጅ ባዶ ጠርሙስ ነው።

ይኸው «ይዘት» የተባለው የሂስ ቃል ዛሬ በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል። የንግድ ድርጅቶች «የይዘት ባለሙያ» ፈልገው ያስታውቃሉ፤ ወጣት ደራስያን፣ ተዋንያንና የካሜራ ባለሙያዎች «ይዘት ፈጣሪ» ተብለው ይጠራሉ፤ ባለ ሱቁም፣ ባንኩም፣ የቤት ዕቃ አምራቹም «ይዘት ያስፈልገናል» ይላሉ። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ትርጉሙ ተለውጧል። ለሐያሲው ይዘት ማለት ሥራው ስለ ሕይወት የሚናገረው እውነት ነበር። ለነጋዴው ግን ይዘት ማለት ደንበኛን ወደ ዕቃው የሚያቀርብ ጽሑፍ፣ ምስል፣ ጨዋታ ወይም ድራማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ትናንት ጠጅ የነበረው ዛሬ ብርሌ ሆኗል፤ ጠጁም ሸቀጡ ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው «የይዘት ግብይት» የሚባለው ሥራ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ይህ ዓይነቱ ሥራ እንደ ማንኛውም ድርሰት በሂስ ሚዛን ላይ መውጣት እንዳለበት ማስረዳትና ሚዛኑም ምን ሊሆን እንደሚገባው ሐሳብ ማቅረብ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጎማ ሻጮቹ የጻፉት መጽሐፍ

ብዙዎች የይዘት ግብይትን ከስልክ ማያ ገጽ ጋር የተወለደ አድርገው ይቈጥሩታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዲር የተባለው የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ አምራች «ዘ ፈሮው» የተሰኘውን መጽሔት ማሳተም የጀመረው በ1895 ነበር። የመጽሔቱ ስም በእኛ ቋንቋ «ትልሙ» እንደ ማለት ነው። ኩባንያው የሚሸጠው ማረሻ ነበር፤ መጽሔቱ የሚያወራው ግን ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ገበሬው ኑሮ ነበር። ገበሬው መጽሔቱን የሚያነበው ማረሻ ለመግዛት አይደለም፤ እርሻውን ለማሻሻል ነው። ይሁን እንጂ ማረሻው ያረጀበት ዕለት ትዝ የሚለው ስም የትኛው እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከአምስት ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር፣ በክሌርሞን ፌራን ከተማ፣ አንድሬና ኤዱዋር ሚሼሊን የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ወንድማማቾቹ የጎማ ፋብሪካ ነበራቸው። በ1900 በፈረንሳይ የነበረው መኪና ከ3,000 ያነሰ ነበር፤ ይህም ማለት ገበያው ገና አልተወለደም ማለት ነው። እነርሱ ግን 35,000 ያህል ቅጂ መጽሐፍ አሳትመው ለመኪና ነጂዎች በነጻ አደሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ፣ መካኒክ ያለው በየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ መንገደኛ የት እንደሚያድርና የት እንደሚበላ ተጽፏል። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ሰው ብዙ ከተጓዘ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ ጎማው ካለቀ ሌላ ይገዛል።

ስለ ስሌቱ ቀላልነት ይህን ያህል ካልን፣ ስለ አሠራሩ ጥንቃቄ ደግሞ ማንሣት ይገባናል። መጽሐፉ እስከ 1920 በነጻ ሲታደል ቆይቶ ከዚያ በኋላ በዋጋ ይሸጥ ጀመር። በ1926 ምርጥ ምግብ ለሚያቀርቡ ቤቶች ኮከብ መስጠት ተጀመረ፤ በ1931 የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ኮከብ ደረጃ ወጣ። ኮከቡን የሚሰጡት ሰዎች ማንነታቸውን ሳይገልጹ እንደ ማንኛውም ተመጋቢ ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው የሚወጡ ናቸው። ምግብ ቤቱ የሚሼሊን ጎማ ይግዛ ወይም አይግዛ ከፍርዱ ውስጥ አይገባም። የመጽሐፉ ክብር የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጎማ ሻጩ ስለ ጎማው ዝም ማለትን በማወቁ፣ ስሙ የጎማ ስም ብቻ ከመሆን አልፎ የጥሩ ማዕድ ምስክር እስከ መሆን ደረሰ።

ከነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የሥራውን መካኒክነት በግልጽ ማውጣት ይቻላል። ማስታወቂያ «የእኔን ዕቃ ግዛ» ይላል፤ የይዘት ግብይት ግን «ችግርህ ይህ ነው፣ መላውም ይህ ነው» ብሎ ይጀምራል። ማስታወቂያ የሰውን ጊዜ ይነጥቃል፤ ይዘት ግን ሰው በፈቃዱ ጊዜውን እንዲሰጥ ይጋብዛል። ማስታወቂያ የዛሬን ሽያጭ ይሻል፤ ይዘት ደግሞ በየወሩ፣ በየዓመቱ ሳያቋርጥ እየተመላለሰ አመኔታን ያጠራቅማል። ስለዚህም አንድ ድርጅት በዚህ መንገድ ለማደግ ከፈለገ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የራሱን ዕቃ ውበት ሳይሆን የደንበኛውን ጭንቀት ነው። ሁለተኛም ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ሦስተኛም፣ ይህ ለብዙዎች ከሁሉ የከበደው ነው፣ ስለ ራሱ የሚናገርበትንና ስለ ሌላው የሚናገርበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ድራማው ወደ ሳሙና ቤት ሲገባ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መረጃ ነው። መረጃ ትክክል ወይም ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑም አያስቸግርም። ነገሩ የሚከብደው ንግዱ ከመረጃ አልፎ ወደ ልብ ወለድ፣ ወደ ተውኔት ሲገባ ነው። ለእኛ ለጸሐፌ ተውኔቶች ይህ ታሪክ የቅርብ ዘመድ ታሪክ ነውና በጥሞና ልናየው ይገባል።

በ1933፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ እያለች፣ የሲንሲናቲው ሳሙና አምራች ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል «ማ ፐርኪንስ» የተባለ የራዲዮ ተከታታይ ድራማ አስጀመረ። ድራማው የቀረበው ኦክሲዶል በተባለው የዱቄት ሳሙና ስም ነበር። በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በቀኑ ሰዓት፣ የቤት እመቤቶች ልብስ በሚያጥቡበትና ወጥ በሚሠሩበት ጊዜ ይተላለፋል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በአንዲት ትንሽ ከተማ የእንጨት መሸጫ የምታስተዳድር፣ ልጆቿን ያለ አባት ያሳደገች መበለት ናት። የጎረቤት ጠብ ታስታርቃለች፤ የተቸገረ ትረዳለች፤ ቀጣፊን ታጋልጣለች። ቨርጂንያ ፔይን የተባለችው ተዋናይት ይህችን አረጋዊት መጫወት ስትጀምር ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበረች፤ ድራማው በ1960 እስኪያበቃ ድረስ ለ27 ዓመታት፣ በ7,065 ክፍሎች፣ ያችኑ እናት ሆና ቆየች። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ያለውን ተከታታይ «የሳሙና ኦፔራ» ብለው የሚጠሩት ከዚህ ዘመን የተነሣ ነው።

እንደ ሐያሲ ስንመለከተው በመጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው በቅርጹ ላይ ነው። የተውኔት ሊቃውንት ሴራ ይነሣል፣ ይወጣል፣ ይፈታል ብለው አስተምረውናል። በሳሙናው ድራማ ውስጥ ግን ሴራው መነሣት እንጂ መፈታት የለበትም። ከተፈታ አድማጯ ነገ ራዲዮኗን አትከፍትም፤ ካልከፈተች ደግሞ የሳሙናውን ስም አትሰማም። በመሆኑም እያንዳንዱ ክፍል በልብ ሰቀላ ያበቃል፤ አንዱ ችግር ሳይቋጭ ሌላው ይጀመራል፤ አንድ ንግግር ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ያለፈችውን ቀን ያላዳመጠች እንዳትጠፋም የትናንቱ ነገር ዛሬ በሌላ ሰው አፍ ይደገማል። ይህን ሁሉ የወሰነው የደራሲው የጥበብ ፍላጎት ሳይሆን የሳሙናው ገበያ ነው። እዚህ ላይ ንግድ የድርሰትን ጭብጥ ብቻ ሳይሆን አጥንቱን፣ እስትንፋሱንም ጭምር እንደሚቀርጽ በግልጽ እናያለን።

ይሁንና ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ቅርጹ ከገበያ ተወለደ ማለት ሥራው ሁሉ ገለባ ነው ማለት አይደለም። ያ ዝግታ የቤት ሕይወት ራሱ ዝግታ ነበር፤ የማይፈታው ሴራም ያልተፈታው የኑሮ ሴራ ነበር። የማ ፐርኪንስ ልጅ ጆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞቶ እናቱ ስታለቅስ፣ ያ ልቅሶ በብዙ እውነተኛ እናቶች ቤት የሚያውቁት ልቅሶ ነበር። በተጨማሪም የሳሙናው ነገር ሳይደበቅ፣ ከታሪኩ በፊትና በኋላ በአስተዋዋቂው አንደበት ይነገር ነበር። አድማጯ ድራማው የሚያበቃበትን፣ ሳሙናው የሚጀምርበትን ድንበር ታውቀዋለች።

የተከለከሉት ሦስት ቃላት

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የጠለቀውን ችግር የሚያሳየን በ1962 የሆነው ነገር ነው። «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው ድራማ በ1937 በራዲዮ ተጀምሮ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረ፣ ባለቤትነቱም የዚያው የሳሙና ኩባንያ የሆነ ነበር። በዚያ ጊዜ ዋና ጸሐፊው አግነስ ኒክሰን ነበረች። ኒክሰን በርት ባወር የተባለችውን፣ ተመልካች የሚወዳትን ገጸ ባሕርይ የማሕፀን ካንሰር እንዲይዛት አድርጋ መጻፍ ፈለገች። ዓላማዋ ሴቶች አስቀድመው ምርመራ እንዲያደርጉ መቀስቀስ ነበር። ኩባንያውና የቴሌቪዥን ጣቢያው በብዙ ማመንታት ፈቀዱ፤ ፈቃዳቸው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። «ካንሰር» የሚለው ቃል፣ «ማሕፀን» የሚለው ቃል፣ ማሕፀንን በቀዶ ሕክምና የማውጣቱ ስምም በድራማው ውስጥ እንዳይነገሩ።

ይህንን ነገር ጸሐፌ ተውኔት ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። በአንድ በኩል፣ የሳሙና ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ያ ታሪክ ያን ያህል ሴቶች ቤት አይገባም ነበር። ብዙ ሴት ከመምህር ወይም ከሐኪም ሳይሆን ከምትወዳት ገጸ ባሕርይ ስለ ራስዋ አካል ተማረች። በሌላ በኩል ግን፣ ያው ገንዘብ በተዋናይቷ አፍ ላይ እጁን ጭኖ ነበር። በሽታው ይታያል፣ ስሙ ግን አይጠራም፤ ሕመሙ ይተወናል፣ የታመመው አካል ግን አይታወቅም። ደራሲዋ ቃሉን ባትጠራ እንኳ ትርጉሙን አድርሳለች፤ ይህ የጥበብ ድል ነው። ነገር ግን ለዚህ ድል መዋጋት የነበረባት ከበሽታው ጋር ሳይሆን ከከፋዩ ጋር ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ገበያው ራሱ ይፈርዳል፤ እውነትን የሚደብቅ ድርጅት አመኔታን ያጣል» ይላሉ። ይህ አባባል ደስ ይላል፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። «ጋይዲንግ ላይት» ሦስቱን ቃላት ከከለከለ በኋላ 47 ዓመት ኖሯል፤ ያበቃው በ2009 ነው። ገበያው አልቀጣውም። ገበያ የሚቀጣው አሰልቺነትን ነው፤ ዝምታን አይቀጣም፤ ያልተነገረውን ማን ሊያውቅ? ስለሆነም የተደበቀውን የመጠየቅ ሥራ ለገበያው የሚተው ሳይሆን የሐያሲው፣ የመምህሩና የባህል ተቋሙ ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የዚህ ዘውግ እናት የምትባለው ኢርና ፊሊፕስ በ1930 በቺካጎ «ፔይንትድ ድሪምስ» የተባለ ድራማ ጽፋ ነበር። ድራማው ሲወደድ ጣቢያው «የእኔ ነው» አለ፤ እርስዋ «የእኔ ነው» አለች፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና ለጣቢያው ተፈረደ። ፊሊፕስ ከዚያ በኋላ የጻፈችውን በራስዋ ባለቤትነት ማስጠበቅ ተማረች። የፈጠራት ገጸ ባሕርይ ከእጁ የወጣችበት ደራሲ፣ ያቺው ገጸ ባሕርይ ነገ ስለ ምን እንደምትናገርና ስለ ምን ዝም እንደምትል ለመወሰን ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ውል የጠበቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የይዘት ጉዳይም ነው።

ሳይታሰብ የሸጠው ድራማ

ቀጥሎ የምናየው ምሳሌ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳየናል። ከ1969 እስከ 1971 በፔሩ አገር «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የተባለ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ማሪያ ከገጠር ወደ ሊማ ከተማ መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ትከዳለች፤ ልጅ ይዛ ብቻዋን ትቀራለች፤ ማታ ማታ ፊደል ትማራለች፤ በሲንገር የስፌት መኪና ልብስ መስፋት ትለምዳለች፤ በመጨረሻም የታወቀች የልብስ ንድፍ አውጪ ትሆናለች። ድራማው የስፌት መኪና ለመሸጥ ታስቦ የተደረሰ አልነበረም። ሆኖም በተላለፈበት ሁሉ የሲንገር ሽያጭ ከፍ አለ፤ የመሠረተ ትምህርት ተመዝጋቢውም እንደዚሁ በዛ።

ለምን? ምክንያቱም የስፌት መኪናው በታሪኩ ውስጥ ሥራ ነበረው። ማሪያ «ይህ መኪና ግሩም ነው» ብላ አታውቅም፤ መኪናው ዕድሏን የምትለውጥበት መሣሪያ ነበር። የቤት ሠራተኞች የሆኑ ወጣት ሴቶች ያዩት ዕቃውን ሳይሆን መንገዱን ነው። በተውኔት ትምህርት መድረክ ላይ የወጣ ዕቃ ሁሉ ሥራ ሊኖረው ይገባል እንላለን፤ ይኸው የቆየ ደንብ እዚህ ላይ የገበያም ደንብ ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ እውነት በሆነ መጠን ዕቃው ተሸጠ፤ ዕቃው እንዲሸጥ ተብሎ ታሪኩ ቢጣመም ኖሮ ግን ሁለቱም ይወድቁ ነበር።

ይህንን ያስተዋለው የሜክሲኮው የቴአትርና የቴሌቪዥን ሰው ሚጌል ሳቢዶ፣ «ድራማ የስፌት መኪና ከሸጠ ትምህርትንና ጤናንስ ለምን አይሸጥም?» ብሎ ተነሣና ከ1975 ጀምሮ ስለ ጎልማሶች ትምህርትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ተከታታይ ድራማዎችን ሠራ። ዘዴው ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያትን ማቆም ነው፤ መልካሙን አርአያ፣ ክፉውን አርአያና በሁለቱ መካከል የሚዋልለውን። አድማጩ ራሱን የሚያየው በዋላዩ ውስጥ ነው። ይህ ዘዴ ወደ እኛም አገር መጥቷል። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ራዲዮ በአማርኛ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በዚሁ መንገድ የተደረሰ፣ 257 ክፍል ያለው ድራማ ነበር። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምር ነበር፤ አድማጮችም በብዙ ሺህ የሚቈጠር ደብዳቤ ጽፈዋል። እንግዲህ የአገራችን አድማጭ ስለ ራሱ ሕይወት በእውነት ለሚናገር ድርሰት ጆሮውን እንደማይነፍግ ተረጋግጧል።

ሰሙ የማን፣ ወርቁ የማን?

አሁን ወደ ራሳችን የሂስ ሚዛን እንመለስ። የቅኔ ትምህርታችን «ሰምና ወርቅ» የሚል የጠራ መሣሪያ ሰጥቶናል። ሰሙ በላይ የሚታየው፣ ወርቁ በውስጥ ያለው ነው። የይዘት ግብይትም ላይ ላዩን ሲታይ ሰምና ወርቅ ይመስላል፤ የመበለቲቱ ታሪክ ሰሙ፣ የሳሙናው ሽያጭ ወርቁ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በቅኔ ወርቁን የሚያገኘው ሰሚው ነው፤ ሰሙን አቅልጦ የደረሰበት ምሥጢር የራሱ ሀብት ይሆናል። በመጥፎ የይዘት ሥራ ግን ሰሙ ለሰሚው ይሰጥና ወርቁ ለከፋዩ ይቀራል። በጥሩው ሥራ ሰሚውም ወርቅ አለው፤ መንገደኛው ጥሩ ማዕድ፣ ገበሬው ጥሩ እርሻ፣ የታመመችው ሴት ሕይወቷን።

ሌላው መምህራችን አዝማሪው ነው። አዝማሪ የሸለመውን ሰው ያወድሳል፤ ይህ ንግድ ነው። ነገር ግን ሽልማቱ በጉባኤው ፊት ይሰጣል፤ ማን እንደ ከፈለ፣ ምን ያህል እንደ ከፈለ፣ ውዳሴው ለማን እንደ ሆነ ሁሉም ያያል። ከውዳሴውም መካከል አዝማሪው አንዳንዴ የምትቈጠቁጥ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ተወዳሹም ይስቃል። ይህች ነጻነት ባትኖር ኖሮ ውዳሴው ራሱ ዋጋ አይኖረውም ነበር። የሚከፈልበት ጥበብ ለእኛ ባህል እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ከፋዩ የተሰወረበት ጥበብ ነው።

በዚህም መሠረት ለይዘት ሥራ ሦስት መመዘኛዎችን ማቅረብ እንችላለን። አንደኛ፣ ሸቀጡን ከሥራው ውስጥ ብናወጣው የሚቀር ነገር አለ ወይ? የሚሼሊንን ጎማ ብናወጣ መጽሐፉ ይቆማል፤ ሳሙናውን ብናወጣ መበለቲቱ ትቆማለች። ብዙው የዛሬ አጭር ድራማ ግን ጭማቂውን ወይም ስልኩን ብናወጣበት ሁለት ሰዎች ያለ ምክንያት ተያይተው የሚሥቁበት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የከፋዩ እጅ ይታያል ወይ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመንገደኞቹ ያዘጋጀው «ሰላምታ» መጽሔት ስለ አገርና ስለ ባህል ሲጽፍ አንባቢው የማን መጽሔት እንደሆነ ያውቃል፤ የሚያነበውን በዚያ ልክ ይመዝናል። ተዋናይ ሰው ግን የግል ኑሮውን የሚያጫውተን መስሎ የተከፈለበትን ዕቃ ሲያሞግስ፣ ያ አዝማሪነት ሳይሆን ማታለል ነው። ሦስተኛ፣ እውነት የሚጠይቀው ቃል ሲመጣ ሥራው ሊናገረው ይችላል ወይ? ይህ ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ነው። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚያስተምር ይዘት የሚያዘጋጅ የምግብ አምራች፣ ስለ ስኳር መብዛት መናገር ሲያስፈልግ ዝም ካለ፣ ያስተማረው ሁሉ ማባበያ ነበር ማለት ነው።

ደራሲ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይሁን ማለታችን አይደለም። ደራሲም ይበላል፤ ልጅ ያሳድጋል፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። የዘመናችን ተዋናይ በመድረክ ገቢ ብቻ መኖር እንደማይችል ማንም አይስተውም። ስለዚህ «አትሥራ» የሚለው ምክር ቀላልና ባዶ ነው። የሚያስፈልገው ምን ብሎ እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ውሉን ከመፈረሙ በፊት የሥራው ባለቤት ማን እንደሚሆን፣ ቃል የመሰረዝ ሥልጣን የማን እንደሆነ፣ ስሙ በምን ላይ እንደሚወጣ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው።

ለንግድ ድርጅቶችም የምንለው አለ። በይዘት ማደግ የሚፈልግ ድርጅት ከዕቃው ሳይሆን ከደንበኛው ጥያቄ ይነሣ። የስፌት ክር የሚሸጥ ስለ ልብስ አቆራረጥ ያስተምር፤ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ስለ ስሚንቶ አቦካክ እውነቱን ይናገር፤ ዘር የሚሸጥ ገበሬው የትኛውን ዘር በየትኛው አፈር መዝራት እንደሌለበት ጭምር ያሳውቅ። አንድ ጊዜ ደምቆ ከመጥፋት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማለት ይሻላል። ውጤቱንም በጭብጨባ ብዛት ሳይሆን ተመልሶ በሚመጣው ሰው፣ ጥያቄ ይዞ በሚመጣው ሰው ይመዝን። ደራሲ የቀጠረ ድርጅት ደግሞ ደራሲውን እንደ ደራሲ ይያዘው፤ በየዐረፍተ ነገሩ የዕቃውን ስም እንዲሰካ የሚገደድ ጸሐፊ ማስታወቂያም ድርሰትም ያልሆነ ነገር ይዞ ይመጣል።

መምህራን በበኩላቸው ድራማንና ግጥምን ሲያስተምሩ «ጭብጡ ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «የከፈለው ማን ነው? ያልተነገረውስ ምንድን ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች ቢጨምሩ፣ ተማሪው በየቀኑ በስልኩ የሚመለከተውን ሁሉ በሂስ ዓይን ማየት ይለምዳል። የባህል ተቋማትም ለኪነ ጥበብ ሰዎች የውል ዕውቀት የሚገኝበትን መድረክ ቢያመቻቹ፣ በሸቀጥ ወጪ የተሠሩ ሥራዎችንም እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ በየጊዜው በአደባባይ ቢያስገመግሙ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ዘውጉ በየቤቱ ገብቷልና ሂስ ከደጅ ሊቀር አይገባም።

በጠቅላላው የይዘት ግብይት በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም፤ ብርሌ ነው። በውስጡ የሚቀዳው ጠጅ የጠራ ሊሆን ይችላል፤ ውኃ የበዛበት ብርዝም ሊሆን ይችላል። ቀጂው ነጋዴ ይሁን፣ ጠማቂው ደራሲ ይሁን፣ ጠጪው ግን ሕዝብ ነው። ጠጪው የሚጠጣውን እንዲለይ የቀማሽ ያለህ ይላል፤ ቀማሽነትም የሂስ ሥራ ነው።